ለአጎቴ መኪና ውኃ የመረጥኩበት ጉዞ

ድሬዳዋ ላላችሁ ወገኖቼ፣ ይልቁንም ወደ ጎጃም የመሄድ ሐሳብም ዕድልም ለሌላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ነው። የአማርኛ መምህሬ ያየሁትን ብቻ እንድጽፍ ስለመከሩኝ፣ ፏፏቴና የጥንት ሕንፃ የምትጠብቁ ታዝኑብኛላችሁ። እኔ በብዛት ያየሁት የአንድ መኪና ራዲያተር ነው።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ፈተና ጨርሰን የጥር ዕረፍት በተሰጠን ማግስት አጎቴ ጋሼ ታፈሰ አዲስ አበባ ያለው የተማሪዎች መኝታ ቤታችን ድረስ መጡና፣ እዚህ ከምትሻግት ከእኔ ጋር ዳንግላ ደርሰህ ና አሉኝ። ጋሼ ታፈሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ የጣሊያን ሥሪት የናፍጣ ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። መኪናው ግን የእሳቸው አይደለም፤ ዳንግላ የሚኖሩ አቶ ፈንቴ የሚባሉ ነጋዴ ንብረት ነው። ባለፈው ክረምት ውኃ ጎድሎበት ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተበላሽቶ ነበር። ጥገናው ወራት ፈጀ። አቶ ፈንቴ ቁጣ አያበዙም ይባላል፤ ያኔ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ ሞተር ካቃጠልክ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ይህ ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ስለነበር፣ ጋሼ በመንገድ ላይ ከመንገዱ ይልቅ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ያዩ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን

ቆርቆሮ ጭነን ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ከመነሳታችን በፊት ጋሼ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። ውስጡ ያለው ተራ ውኃ አይደለም፤ መካኒኩ ከውጭ አገር በጣሳ የመጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ቀላቅሎበታል፤ ዝገትንም ብርድንም ይከላከላል። ጋሼ «መድኃኒቱ» ይሉታል። እኔም አባቴ በባቡር ጥገና ሲሠራ የሰማሁትን ለመናገር ቸኮልኩ፤ በድሮዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ጊዜ የድሬዳዋ ውኃ የባቡሩን ጋን በነጭ ድንጋይ እየሸፈነ ሰው ያስለቅስ እንደነበር፣ የእናቴም የሻይ ማፍያ ውስጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙኝና እንግዲያው የውኃ ኃላፊ አንተ ነህ ብለው ሾሙኝ። ቀልዳቸውን ነበር። እኔ ግን ሹመቱን ከልቤ ተቀበልኩ።

የዓባይን ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ደስ አለኝ፤ አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ሹራቤን ያወለቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለው አየር ልክ የእኛን የከዚራ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ይመስላል፤ የጎደለው የባቡሩ ጩኸት ነው። ዳገቱን ስንወጣ ጋሼ ሦስት ጊዜ አቆሙ። በሁለተኛው ላይ ዝንጀሮ ከመስኮት ገብቶ ዳቦዬን ይዞ ሄደ። ደጀን አደርን። አልጋው በገለባ የተሞላ ነበር፤ ገለባው ውስጥ ደግሞ ከእኔ በፊት የገቡ ነዋሪዎች ነበሩ። ስለዚያ ሌሊት ከማወራ ዝም ብል ይሻላል።

ሁለተኛው ቀን

ከደጀን እስከ ቡሬ ያለው መንገድ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ የጤፍ አገር ነው። በእኛ በኩል ግመል በሚሄድበት ቦታ እዚህ አህያና ፈረስ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር በደንብ ለማየት ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ስለተጓዝኩ ቡሬ ስንደርስ አፍንጫዬ ተደፍኖ ጉሮሮዬ ነድዶ ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አንዲት ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ ሳስነጥስ ሰምተው የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውኝ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ አፈሉልኝ። የቆላ ልጅ ወደ ደጋ ሲመጣ መስኮት እንዲዘጋ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል አሉና ጋሼን ገሠጿቸው። ጋሼም ጥፋቱን ተቀበሉ። ሽታ የሚባል ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለአራት ቀን ከእኔ ራቀ።

ሦስተኛው ቀን

ቲሊሊን አልፈን ወደ እንጅባራ ስንወጣ አገሩ ሁሉ ተለወጠ። አጥሩ ቀርከሃ፣ ቤቱ ቀርከሃ፣ የሚጋለበው ፈረስ፣ ሣሩ በጥር እንኳ አረንጓዴ። ለእኛ ሣር ማለት በክረምት ለአንድ ወር መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ይህን ለጋሼ እየነገርኳቸው ሳለ ከፊት አንድ ነገር እፍ አለና መስተዋቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ጋሼ ወዲያው ሞተሩን አጠፉ። የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ተተርትሮ አረንጓዴው መድኃኒት በሙሉ መንገዱ ላይ ፈሰሰ።

ቱቦው ቀላል ነበር። ጋሼ ካላማዳሪ፣ ያም የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቀድደው በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ችግሩ ውኃው ነው። ራዲያተሩ ባዶ ሆኗል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ዳንግላ ካልደረሱ አይገኝም። ምን እንጨምርበት?

እኛ ስንመካከር የአካባቢው ሰዎች ተሰበሰቡ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት በፈረስ ይመጡ የነበሩ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ይነጋገራሉ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ። ጋሼ ሞተሩ እስኪበርድ ውኃ እንደማይነካው ሲነግሯቸው አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያላበው ፈረስም ወዲያው ውኃ አይሰጠውም፤ እንዲህ ያለ መኪና መሆኑን ባውቅ ቀድሜ አከብረው ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ውኃ ጠቆመን። አንዱ የዘንገናን ሐይቅ፣ አንዱ ከመንገዱ ሥር ያለውን ኩሬ፣ ሌላው ከታች ያለውን ምንጭ።

ሹመቴ አሁን ሥራ አገኘ። በሻንጣዬ ካለው ሳሙና ቆርጬ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ሦስቱንም ውኃ ልፈትን ተነሳሁ። ድንጋይ የሚያበጅ ውኃ ሳሙና አይቀበልም፤ ድሬዳዋ ልብስ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ዘንገናን ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው፤ ልክ አንድ ሰው ምድርን በጭልፋ ጨልፎ በቦታው ውኃ ያስቀመጠ ይመስላል። ቁልቁለቱ ስላንሸራተተኝ የመጨረሻውን ክፍል በመቀመጫዬ ወረድኩ። የሐይቁ ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ ቢሆንም በጠርሙሱ ስንጠው አረፋው ቶሎ ጠፋ። የኩሬው ከዚያም የባሰ ነበር። ምንጩ ዘንድ ስደርስ ሴቶች ጋቢ ያጥባሉ። ጠርሙሴን ስንጥ አዩኝ፤ አረፋው እስከ አፉ ሲሞላ ደስታዬን ፊቴ ላይ ሳያነቡት አልቀሩም።

«ተማሪ፣ ሳሙና የሚገባለትን ውኃ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ አንዷ።

አዎ አልኳት።

«ይኸው ነዋ። እኛን ብትጠይቅ ያን ጠርሙስ እንዲህ ባላደከምከው።»

የምንጩ ውኃ ተመረጠ። ቀጥሎ መቅጃ ያስፈልጋል። መኪናው ላይ አንድ ጀሪካን ነበር፤ ግን ናፍጣ ተይዞበት ያውቃል። እዚህ ላይ እኔ ከመጠን በላይ ተጠነቀቅሁ። ራዲያተር ውስጥ የቅባት ጠብታ እንኳ መግባት የለበትም ብዬ ጀሪካኑ እንዳይነካ ከለከልኩ። ጋሼም ኃላፊው ካለ ይሁን አሉ። አቶ ቢያድግልኝ ዕቃ ከቤቴ ይመጣል ብለው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይታይሽን አስጠሩ። ወይዘሮ ይታይሽ ለእንግዳ ይህማ ምን ችግር አለው አሉና ሁለት ትልልቅ ቅሎች በለብ ያለ ውኃ አለቅልቀው፣ ከምንጩ እያስሞሉ አራት ጊዜ አመላለሱልን። ውኃው ቤት ያፈራው ዕቃ ሁሉ በክብር እየተመረጠለት ነበር የመጣው። እኔ ቆሜ አመሰገንኩ። ሽታ የሚባል ነገር እንደሌለኝ አስታውሱ።

ስንሄድ የተቀቀለ ድንችና አይብ በኮባ ጠቅልለው ሰጡን። የዚህ አገር ድንች አፍ ውስጥ እንደ ዱቄት ይበተናል፤ እኛ ዘንድ በባቡር የሚመጣው ከእሱ ጋር ሲተያይ ሳሙና ነው።

እንጅባራ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከተማዋን ብዙ ሰው ኮሶ በር ይላታል። የሙቀት ቀስቷ ቦታዋን ሳትለቅ ስለደረስን ጋሼ እያፏጩ ክዳኑን ከፈቱ። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ቀርቤ አየሁ። በውኃው ላይ ወርቃማ የቅባት ዓይኖች ተንሳፍፈዋል፤ ትንሹም ትልቁም።

ለማያውቅ ልንገር። በሞተሩና በቴስታታው መካከል ውኃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚለይ ስስ ገበር አለ። እሱ ሲቃጠል የሞተር ዘይት ወደ ውኃው ይገባል። የሞተሩ ዘይት በቅርቡ የተቀየረ ስለነበር ገና አልጠቆረም፤ መልኩ ልክ እንደዚህ ወርቃማ ነው። ጋሼ ጎማው ላይ ተቀመጡ።

«ቴስታታው ሄደ» አሉ።

በዚያው ሰዓት ወደ ዳንግላ የሚያልፍ የአውቶቡስ ሾፌር ቆሞ ውኃውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ አቶ ፈንቴ ዘንድ እንደሚደርስ ሁለታችንም ገባን። ጋሼ እራት አልበሉም። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ቀስቷ ለምን አልወጣችም? ቅሎቹም ትዝ አሉኝ። ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት የሆነችውን ሴት ሁለት የሻይ ብርጭቆ ለመንኩ። በአንዱ ከራዲያተሩ ውኃ ቅባቱን ጨምሬ ቀዳሁ። በሌላው ንጹሕ ውኃ አድርጌ ከሞተሩ የዘይት መለኪያ ዘንግ ጥቂት ጠብታ ጣልኩበት። ሁለቱንም በረንዳው ላይ አስቀምጬ ተኛሁ።

አራተኛው ቀን

የእንጅባራን የጥር ጠዋት የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውርጭ አየሁ። ብርጭቆዎቹ ጋ ሮጥኩ። የሞተሩ ዘይት ውኃው ላይ እንደ ማታው እየተንሸራተተ ነው። የራዲያተሩ ግን ደርቆ ቢጫ ሽፋን ሆኗል። በጣቴ ብነካው ተሰበረ፤ በጣቶቼ መካከል ሳሸው ቀለጠ።

ድሬዳዋ ብሆን ኖሮ ይህን ፈጽሞ አላገኘውም ነበር፤ በእኛ አገር ቅቤ የሚገዛው በጠርሙስ ነው፣ ደርቆ አይቼው አላውቅም። እዚህ ግን ብርዱ ራሱ መሰከረ። ባለሆቴሏን ብጠይቃት ሳቀች። በገጠሩ ቅል እንዳይሰነጠቅ ውስጡ በቅቤ ይታሻል፤ ለእንግዳ ደግሞ የሚወጣው የወተቱ መናጫ፣ በወይራ የታጠነው፣ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ነው። ለብ ባለ ውኃ መለቅለቁ ቅቤውን ከግድግዳው ማስለቀቅ ብቻ ነው። እኔ ናፍጣ የነካውን ጀሪካን ከልክዬ መናጫ ቅል አስመጥቻለሁ ማለት ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ቢጫውን ሽፋን ቆርሰው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ለዓመታት ናፍጣ የለመደው አፍንጫቸው ግን አልረዳቸውም፤ ያመኑኝም አይመስሉም። ራዲያተሩን በአመድ ውኃ አጥበን ውኃውን እንቀይር ብላቸው እንቢ አሉ።

«ወሬው ደርሷል። አሁን ብንደፋው ደበቁት ይባላል። እንዳለ አቶ ፈንቴ ይዩት።»

ዳንግላ ድረስ በዝግታ ሄድን። ብርጭቆዬን በመሐረብ ጠቅልዬ በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩ። የሞተሩ ሙቀት ከእግራችን ሥር ይመጣል፣ ፀሐይዋም እየበረታች ሄደች። እኔ መንገዱን እያየሁ ነበር እንጂ ብርጭቆውን አላየሁም።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ከተማዋ በጋሪ ተሞልታለች። የእኛዎቹ ጋሪዎች ፈረስ ከሲታ ነው፤ የዳንግላው ፈረስ ጋሪውን የሚጎትተው ለጨዋታ ይመስላል። አቶ ፈንቴ ከመጋዘናቸው ደጅ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ቆሟል። ጋሼ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፤ ሥራ ፈላጊ ሾፌር ነበር።

አቶ ፈንቴ ከእግዚአብሔር ሰላምታ በኋላ ቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ሄዱ። ክዳኑ ተከፈተ። ወርቃማዎቹ ዓይኖች ወጥተው ተቀበሏቸው።

«ታፈሰ፣ ነግሬህ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

እኔ በመካከል ገባሁ። ስለ ምንጩ፣ ስለ ቅሎቹ፣ ስለ ውርጩ ተናገርኩና ማስረጃዬን ከመሐረቡ ፈታሁ። ቅቤው ቀልጧል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃና ወርቃማ ቅባት ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ካለው ምንም አይለይም። አዲሱ ሾፌር ፊቱን አዞረ፤ ሳቁን ሳይደብቅ አልቀረም። አቶ ፈንቴ ግን አልሳቁም። ብርጭቆውን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፣ ከዚያ ጋሪ ጠሩ።

ሦስታችንም የሄድነው ወደ ቅቤ ተራ ነው። እዚያ ትርንጎ የምትባል ነጋዴ አለች። በዚያ ገበያ ቅቤ በኑግ ዘይት ደባልቆ የሚሸጥ ሰው ሲጠረጠር የሚወሰደው ወደ እሷ እንደሆነ ባለጋሪው በመንገድ ነገረኝ። አቶ ፈንቴ ምንም ሳያስረዱ ብርጭቆውን ብቻ ሰጧት። ትርንጎ ጣቷን ነክራ እጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው፣ በምላሷ ጫፍ ነካችው። ጋሼ ጫማቸውን ያያሉ።

«አቶ ፈንቴ፣ ይህን ማን ሸጠልዎት? ዘርፎዎታል። ከቅቤው ውኃው ይበዛል» አለች።

«ዘይትስ አለው?»

«ዘይት?» የተሰደበች መሰለች። «ጠብታ የለበትም። ዘይት ቢኖርበት ከዚህ መቀመጫ ሳልነሣ እነግርዎት ነበር። ንጹሕ የእንጅባራ ወገን ቅቤ ነው፣ ወይራ የጠገበ። ያበላሸው ሰው ሊያፍር ይገባዋል።»

ያበላሸው ሰው አጠገቧ ቆሞ አፈረ።

አቶ ፈንቴ ብርጭቆውን መልሰው ተቀበሉ። ወደ ጋሼ ዞሩና ይህን ያደረገው የማን ቤት ነው ብለው ጠየቁ። በዚያ መንገድ በየሳምንቱ እንደሚመላለሱ፣ ቆመው አንድ የወቀሳ ቃል ሊናገሩ እንደሚፈልጉ ከአነጋገራቸው ገባኝ።

«ውኃ ስንለምን የሰጠን ቤት ነው» አሉ ጋሼ። «ስሙን አልነግርዎትም።»

ቁልፉ አሁንም በጋሼ እጅ ውስጥ ነበር፤ ለካ ጋሼም አልሰጡ፣ አቶ ፈንቴም አልተቀበሉ። በመጨረሻ አቶ ፈንቴ ጋሪው ላይ እየወጡ እንግዲያው ቁልፉን ያዘው አሉ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋቱን ሙሉ ራዲያተሩን በፈላ የአመድ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብን። አቶ ፈንቴ ከመጋዘናቸው የአረንጓዴውን መድኃኒት ጣሳ ይዘው መጡ። ስንት እጅ ውኃ እንደሚቀላቀልበት ጣሳው ላይ ቢጻፍም በውጭ ቋንቋ ስለነበር እኔ አነበብኩላቸው፤ በዚህ ጉዞ ያለ ስህተት የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው። ውኃውን ከየት እንቅዳ ሲባል ሳሙናዬን አላወጣሁም። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የት እንዳሉ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ቀዳን። አዲሱ ሾፌር ማፍሰሻውን ይዞልን ዋለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነበር። አቶ ፈንቴ ቡና ከሚጭን ወዳጃቸው ጋር እንደሚያገናኙት ሲነግሩት ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሞተሩን አስነሡ። ቀስቷ ወደ ቦታዋ መጥታ ቆመች። በመልስ ጉዞ ጋሼ ብዙ ዘፈኑ፤ ድምፃቸው ጥሩ ባለመሆኑ እሱን አልጽፍም።

አንድ ነገር ማረም አለብኝ። ጋሼ ይህን ማስታወሻ እንደምጽፍ ሲያውቁ ቃል አስገብተውኛል። ስለዚህ ከላይ አቶ ቢያድግልኝና ወይዘሮ ይታይሽ ያልኳቸው ስማቸው ያ አይደለም፤ ቤታቸውም ከጻፍኩት ቦታ ትንሽ ይርቃል። እነሱ እስከ ዛሬ ለእንግዳ መኪና ካላቸው ዕቃ የተሻለውን እንዳወጡ ያውቃሉ፤ ትክክል ናቸው። ከእናንተ መካከል በዚያ መንገድ የሚያልፍ ቢኖር የሚሰጡትን ይብላ፣ የሚሰጡትንም ይጠጣ። ለመኪናው ግን የራሱን ባልዲ ይዞ ይሂድ።